ለሚካኤል የተሳልኩባት ከተማ

መስከረም 18፣ እሁድ

ሄርሞን ዛሬ ምሳ ላይ ቻይና ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። ልጄ ትልቅ ወሬ የምትነግረኝ አፌ እስኪሞላ ጠብቃ ነው። ይህን ጠባይ የወሰደችው ከአባቷ ነው፤ እሱም ስቱትጋርት ልሄድ ነው ሲለኝ ፍርፍር እየበላሁ ነበር።

የምትሄድባት ከተማ ዣንጂያንግ ትባላለች። ደቡብ ቻይና፣ ባሕር ዳር ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ሄርሞን መሐንዲስ ሆና የምትሠራበት፣ ሮም አጠገብ ያለው የፖሜትሲያው ድርጅት እዚያ ላለ የጋምቤሪ ፋብሪካ ትልቅ የማቀዝቀዣ ማሽን ሸጧል። ጋምቤሪ ማለት ያ ብዙ እግር ያለው፣ እኛ የማንበላው የባሕር ፍጥረት ነው። ማሽኑን የሚተክል፣ ሲታመምም የሚያክም ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለት ዓመት።

«ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ዕድል ነው እኮ» አልኳት።

«ማማ፣ ምንም አልመሰለሽም?»

«ምን ይመስለኛል? ቫ ቤኔ፣ መልካም ነው። እኔ ሮም ስመጣ ማንን አስፈቀድኩ?»

ሳህኑን አጠብኩ፣ ድስቱን አጠብኩ፣ ያልቆሸሸውንም ድስት አጠብኩ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለምግብ አሠራር ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ላዛኛ አለ። ከእንግዲህ ለሌላ ነገር ይሁን።

መስከረም 19፣ ሰኞ

የምንከባከባቸው ሽማግሌ ሲኞር ኤቶሬ ፒያሳ ቦሎኛ አካባቢ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ቶሪኖ ናት፣ ሥራ ይበዛባታል። ጡረታ እስኪወጡ የጭነት መርከብ መካኒክ ስለነበሩ፣ አቧራ እየጠረግኩ እንደ ዘበት «ዣንጂያንግ የሚባል ቦታ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ያውቃሉ። በሰማንያዎቹ መርከባቸው እዚያ ቆማ ነበር። ካርታቸውን አስወረዱኝና ደቡቡ ጫፍ ላይ፣ ባሕሩ ወደ መሬት የገባበትን ቦታ በጥፍራቸው አሳዩኝ። ሰፋፊ መንገድ ላይ ብስክሌት፣ አገዳ የጫነ መኪና፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ፣ ሁለት ሹል ማማ ያለው የፈረንሳዮች ቤተ ክርስቲያን። ፈረንሳዮች ባሕረ ሰላጤውን ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት ተከራይተው፣ ግማሹን እንኳ ሳይኖሩ ለቀው ወጡ አሉኝ። የእኛ አከራይ ቢሆን ይህን ቀልድ አይወድም።

«ሙቀቱስ?» አልኳቸው፣ ተስፋ አድርጌ።

«ሸሚዝሽን እየጨመቅሽ ነው የምትሄጂው።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉ? ሰዉ ብዪ፣ ብዪ ይልሻል። አልራበኝም ብትዪ አይሰማሽም።»

ሌላ ነገር ይሉኛል ብዬ ነበር።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ሐሙስ ከሰዓት የእኛ ነው፤ የሮም የቤት ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ሰዓት ነጻ ነው። ከየሻረግ ጋር ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ተገናኘን። የሻረግ ሮም ከገባሁ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ ስለማታውቀው ነገር የምትናገረው ከምታውቀው በበለጠ እርግጠኛ ሆና ነው።

«ቻይና? ብቻዋን? እዚያ ሄዳ ማንን ልታገባ ነው?»

«ለሥራ ነው የምትሄደው።»

«እኔስ ለሥራ አይደል የመጣሁት? ይኸው አላገባሁም።» ማኪያቶዋን አማሰለች። «አሎራ፣ ዝም ብለሽ ለሚካኤል ተሳይ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ የጠፋ ጊዜ ለማን ተሳልኩ? ወዲያው ነው ያገኘሁት።»

«ልጄ የፈለገችውን እንድታጣ ልሳል?»

«እንዳትርቅ ነው እንጂ። ያ ሌላ ነው።»

ለየሻረግ ሁሉም ነገር ሌላ ነው። ሳቅኩና ወደ ሌላ ወሬ ሄድን።

መስከረም 25፣ እሁድ

ዣንጂያንግ ላይ ታይፉን ገባ። በስልኬ አየሁት። ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሏል፣ ሞተር ብስክሌት መንገድ ላይ ተጋድሟል፣ አንድ ሰውዬ ግን የሱቁን መዝጊያ በጀርባው ደግፎ ይስቃል። «ዝም ብዬ ነው» ብዬ ለሄርሞን ላኩላት። ሰውዬውን ብቻ አይታ የሳቅ ምልክት መለሰችልኝ።

ጥቅምት 2፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ወደ አዳራሹ ሲወርድ እኔ ሚካኤል ሥዕል ፊት ትንሽ ቆየሁ። የተለየ ነገር አላልኩም። የልጄን ነገር አንተ ታውቃለህ አልኩት። ዝም ብሎ ሲያየኝ ጊዜ ነገሩን ግልጽ ላድርግለት ብዬ፣ ይህ የዣንጂያንግ ጉዞ ከቀረ ባለ ዘርፍ የከፋይ ዣንጥላ አስገባልሃለሁ አልኩት። ቀይ ይሁን አረንጓዴ አልተነጋገርንም።

ክፋት የለውም። ልጄን ክፉ አይንካብኝ ማለት ነው። ታይፉን ክፉ አይደለም?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ሱቅ ያላትን ቻይናዊት ጁሊያን ጠየቅኳት። ጁሊያ ስሟ አይደለም፣ ለጣሊያኖች ያወጣችው ነው። እኔም ጤናዬ ማለት አቅቷቸው ብዙ ዓመት ቲና ነበርኩ፤ በዚህ እንግባባለን።

«እኔ የዌንዡ ሰው ነኝ፣ ዣንጂያንግን በምን አውቄ? አንቺ የናይጄሪያን ከተሞች ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ግን ከጓዳ ባሏን ጠራችው። እሱ በወጣትነቱ እዚያ ዣንጂያንግ ወደቡ ላይ ሠርቷል።

«ሙቀት» አለ ሰውዬው በጣቱ እየቆጠረ። «ወደብ። ነዳጅ ማጣሪያ። ደሴቱ ላይ ብረት ፋብሪካ። የሩዝ መቀቀያ ፋብሪካ። ኦስትሪኬ፣ ያ ባለ ዛጎሉ የባሕር ፍጥረት፣ በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ፣ ማታ ማታ ሰው ሁሉ ውጭ፣ የላስቲክ ወንበር ላይ። ነፋሱ በአንዳንድ ቀን ሲዞር ይሸታል።»

«ምን ምን ይሸታል?»

«ሥራ ሥራ» አለኝና ሁለቱም ሳቁ። ሳላስበው እኔም ሳቅኩ። ጓንትና የልብስ መቆንጠጫ ገዝቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 16፣ እሁድ

አዳራሽ ውስጥ ሴቶቹ ከበቡኝ። የሄርሞን ወሬ ተሰምቷል። ከተማዋ ምን ትመስላለች አሉኝ። ልገልጽላቸው ጀመርኩና መቆም አቃተኝ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ አላት፣ ልክ እንደ ቢሾፍቱ ሆራ፤ ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግ ጫካ አላት፤ ድልድዩ ከባሕሩ በላይ ከፍ ያለ ነው፣ መርከብ በሥሩ ያልፋል። ቤታችሁ ያለው የሩዝ መቀቀያ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ገልብጣችሁ እዩ አልኳቸው።

«የምትሠራው ጋምቤሪ ነው አሉ። አይበላም እኮ» አለች አንዷ።

«ታቀዘቅዘዋለች እንጂ መቼ ትበላዋለች?»

የሻረግ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ከተማዋን ልትሸጪልን ነው እንዴ? ስለትሽን ረሳሽው?» አለችኝ በጆሮዬ። አልረሳሁም። ሰው የሚፈራውን ነገር ማወቅ አለበት፣ ለዚያ ነው የማነበው።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ሲኞር ኤቶሬ ሐኪም ጋ ናቸው፣ ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሄርሞን የቻይንኛ ቃል በየዕቃው ላይ ለጥፋለች። በር ላይ፣ ጨው ላይ፣ መስታወት ላይ። ውሃ ሹዌይ ነው፤ ፊቴን ስታጠብ ያዝኩት።

ጠዋት ጠዋት ታንጎራጉራለች። ትምህርት ቤት ሳለች እንዲህ ነበረች፣ ትታው ነበር።

ቪስቶዋ፣ የመግቢያ ቪዛዋ፣ ገና ነው። እኔ ሚካኤልን አላስታወስኩትም፤ እሱም ሥራ ይበዛበታል።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ቀረ።

ከየሻረግ ጋር ቆይቼ ስገባ ሄርሞን ከእኔ ቀድማ ገብታለች፣ ካፖርቷን አላወለቀችም። በታይፉኑ የፋብሪካው ጣሪያ ተገንጥሎ ኖሮ፣ ቻይናዎቹ ማሽኑን አሁን አንፈልግም ብለው ጽፈዋል። የፖሜትሲያው አለቃዋ «ለጊዜው እርሺው» አላት።

«አይዞሽ» አልኳት። ድምፄ ጥሩ ነበር፣ እኔ እንኳ አመንኩት። ላዛኛ ሠራሁ፣ የምትወደውን። በላችና «ግራትሲዬ ማማ» ብላ ተኛች። ካፖርቷን ስትተኛም አውልቃው እንደሆነ አላውቅም።

ጥሩ ቀን ነው። ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ወረቀቶቹን ከበሩም ከመስታወቱም አንስታለች። ጨው ላይ ያለውን ረስታዋለች። እኔም አላነሳሁትም።

ማንጎራጎር የለም። ጠዋት ቡናዋን ቆማ ጠጥታ ትወጣለች።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

የሻረግ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ መሐል መንገድ ላይ እልል ልትል ነበር፤ አፏን ያዝኩት።

«ሰመረልሽ እኮ! ሊያውም በአንድ ወር!»

«የሻረግ፣ ጣሪያ ነው የተገነጠለው።»

«ጣሪያውን ማን ገነጠለው?»

ያ ታይፉን ከስለቴ በፊት የገባ ነው፣ ቀኑን እዚሁ ደብተር ላይ አየሁት። ብነግራት ግን «መልአክ አስቀድሞ ያውቃል» ነው የምትለኝ። ጭራሽ ለጋሼ ሀብተሚካኤልም ነግራቸዋለች። ጋሼ ሀብተሚካኤል የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው፤ የገባ ስለት ሁሉ በእሳቸው አፍ ለምእመኑ ይነገራል። የኅዳር ሚካኤልን ደግሞ እኛ በቀጣዩ እሁድ ነው የምናከብረው። ሮም ውስጥ መላእክትም እሁድን ይጠብቃሉ።

ሄርሞን ከበዓሉ ቀርታ አታውቅም።

ዣንጥላውን እዚያው ካለው የሐበሻ ሱቅ ገዛሁ፣ አረንጓዴ። እጀታው ሥር ቻይና የተሠራ ይላል። ቻይናን ለመልአክ የከሰስኩት በቻይና ዕቃ ነው።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ጋሼ ሀብተሚካኤልን ለብቻቸው ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ስለቷ ሰመረላት ብቻ ብለው ቢያልፉትስ?»

«ለምን ተሳለች ብሎ የማይጠይቅ ማን አለ? ሰው የሚማረው ከዝርዝሩ ነው።»

«ልጄ አታውቅም፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ። ደግ ሰው ናቸው። «እንግዲያው ጠቅለል አደርገዋለሁ። አታስቢ» አሉኝ።

ከዚያ ሄጄ ገብርኤል ሥዕል ፊት ቆምኩ። ያ ሥራ ከተመለሰላት ጧፍ በእቅፍ አመጣልሃለሁ አልኩት። ለየሻረግ ብነግራት ዓይኗ ፈጠጠ፦ «ሚካኤልና ገብርኤልን ልታጣዪ ነው?» እኔ ምን ላድርግ? የሠራሁትን ማፍረስ ነው የፈለግኩት። ሚካኤልን ተወው ማለት ደግሞ አፈርኩ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልነግራት ነበር። ቁጭ አድርጌ፣ ከማንም ሳትሰሚ ከእኔ ስሚው ብዬ። ዓረፍተ ነገሩን ሲኞር ኤቶሬን ሳለብስ በቃሌ አጠናሁት።

ቤት ስገባ ሄርሞን ዣንጥላውን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አግኝታ ዘርፉን እየነካካች ነበር።

«ስለት ነው? ስለ እኔ ነው?»

«ስለ አንቺ ነው» አልኩ። እውነት ነው።

አንገቴን አቀፈችኝ። «ሥራው እንዲሳካልኝ ነው የተሳልሽው አይደል? ባይሳካም ልታስገቢ ነው። ማማ፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ» አለችኝ። ሳቅ ከረሳች ሰነባብታ ነበር፣ ዛሬ ሳቀች። ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር ጠፋኝ።

ነገ እነግራታለሁ። ጋሼም ጠቅለል አደርገዋለሁ ብለዋል።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ዣንጥላውን አውቶቡስ ላይ የያዘችው እሷ ናት። ነጭ ለብሳ፣ ዘርፉ እንዳይቆሽሽ ጉልበቷ ላይ አስተኝታ። አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ለፀሐይ ነው ወይስ ለዝናብ ብላ ጠየቀቻት። ሄርሞን «ለምስጋና ነው» አለቻት።

ስለት የሚነገርበት ሰዓት ሲደርስ ጋሼ ሀብተሚካኤል ማይክሮፎኑን ያዙ። ማይክሮፎን ሲይዙ ድምፃቸው ብቻ ሳይሆን ቁመታቸውም ይጨምራል። አጠቃለሉት። ማጠቃለያቸው ይህ ነበር፦

«እህታችን ወይዘሮ ጤናዬ፣ አንድያ ልጇ ሄርሞን ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ቻይና፣ ታይፉን ወደሚነሳበት፣ የማይበላ ወደሚበላበት አገር እንዳትሄድባት ለሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል ተስላ፣ እሱም ሰምቶ መንገዱን ዘግቶላት፣ ይኸው ደስ ብሏት ዣንጥላ ይዛ መጥታለች። እልል በሉላት።»

እልል ተባለ። የሻረግ ከሁሉ በላይ። ዣንጥላው በሄርሞን እጅ ነው። ሰው ሁሉ እሷን እያየ እልል ይላል፤ እሷ እኔን ታያለች። ከዚያ ሄዳ ለዲያቆኑ በሁለት እጇ ሰጠችው፣ ተሳለመች፣ ቦታዋ ተመለሰች። አንድ ነገር አላጎደለችም። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እንዲህ አድርጌ ባላሳድጋት ምናለ አልኩ በልቤ።

አውቶቡስ ላይ ከእኔ ፊት ለፊት ቆመች። ወንበር ነበረ።

«ሄርሞን፣ ልነግርሽ ነበር።»

«ለሁሉም ሰው ነገርሽ። ለየሻረግ፣ ለጋሼ ሀብተሚካኤል፣ ለሚካኤል። ያልነገርሽው ለእኔ ብቻ ነው።»

«እንዳትርቂ ብዬ ነው።»

«ብትጠይቂኝ እቀር ነበር» አለችኝ። አልጮኸችም። «አንድ ቀን ቅሪ ብትዪኝ እቀር ነበር። አንቺ ቫ ቤኔ አልሽኝ፤ ሄደሽ ለመልአክ ከሰስሽኝ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ በመስኮት አየች። እኔ መስኮቱ ላይ የሚታየውን የእሷን ፊት አየሁ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

በጣሊያንኛ ብቻ ነው የምትመልስልኝ። «ሲ»፣ «ኖ»፣ «ኖን ሶ»። ትሕትናዋ አልጎደለም፣ እሱ ነው የከበደኝ። ብትቆጣኝ እመልስላት ነበር።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

የሻረግ ይቅርታ ልትጠይቅ ብርቱካን ይዛ መጣች። ሄርሞን ተቀብላ ልጣ ለሦስታችን አካፈለችና ክፍሏ ገባች። «በጣሊያንኛ ነው ያመሰገነችኝ፣ ምን ማለቷ ነው?» አለችኝ የሻረግ።

እውነት ለመናገር፣ ዣንጂያንግን አሁንም አያታለሁ። ማታ ማታ። ማንም ሳይሄድባት ከተማዋን ማየት ምን ይሠራልኛል? ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ሄርሞን ወጥ ቤት ገብታ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። በአማርኛ ጀመረች።

«ደውለውልኛል። ጣሪያው ተጠግኗል፣ ማሽኑን ይፈልጉታል። ሰኞ መልስ ስጪን ብለዋል።»

እጄ ሽንኩርት ላይ ነበር። ገብርኤል ትዝ አለኝ።

«አሁን ለማንም መልአክ አትንገሪ» አለችኝ። «ለእኔ ንገሪኝ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«የታይፉኑ ወቅት እንኳ አልፏል፣ አየሩ አሁን...»

«አየሩን አልጠየቅኩሽም፣ ማማ።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«እንድትቀሪ ነው የምፈልገው» አልኳት። «ቁልፍሽ በሩ ላይ ሲዞር ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሲኞር ኤቶሬ እሁድ እሁድ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የቶሪኖዋን ልጃቸውን ሲጠብቁ ይውላሉ። ሰኞ ስገባ ደወለች? ብዬ አልጠይቃቸውም፣ ፊታቸው ይነግረኛል። እሱን ነው የምፈራው። ጋምቤሪውን አይደለም፣ ሙቀቱንም አይደለም። ከተማዋንማ ወድጃታለሁ።»

ከተማዋን ወድጃታለሁ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሄርሞን ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «አሁን ስለነገርሽኝ ልቅር?» አለች። የምሯን ነበር። እቀራለሁ ብላ አውቶቡስ ላይ የነገረችኝ የምሯን እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

«አይ» አልኳት። «አሁን ስለነገርኩሽ ሂጂ።»

ሁለታችንም አለቀስን፣ ሽንኩርቱም ነበረ።

ታኅሣሥ 19፣ እሁድ

የገብርኤልን ጧፍ በእቅፌ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ሀብተሚካኤል ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «ይኼኛው ስለ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሄርሞን ቻይና እንድትሄድ ነው፣ ጋሼ። ይናገሩት፣ በዝርዝር።»

«ሚካኤል የዘጋውን መንገድ ገብርኤል ከፈተው ልበል?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

ሄርሞን ከኋላዬ ስትስቅ ሰማኋት። ጋሼ ማይክሮፎኑን ይዘው ዝም ብለው ቆሙ፤ እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። በመጨረሻ «እህታችን ወይዘሮ ጤናዬ ስለቷ ሰምሮላታል» ብቻ ብለው አለፉት።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ። ሻንጣዋ ከበደ፣ በርበሬውን አወጣን፣ መልሰን ከተትን። ሽሮው ግን ቀረ። የሻረግ አጥብቃ አቀፈቻትና «እዚያ ሄደሽ እንዳታገቢ፣ ካገባሽም ጥሪን» አለቻት።

ፍተሻው ጋ ስትገባ ዞራ አላየችም። እንኳን አልዞረች። ፊቴ የሚታይ አልነበረም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ፎቶ ልካለች። ክሬኖች፣ ጭጋግ፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማ። ከእኔ ስልክ ላይ ካለው ዣንጂያንግ ትንሽ ግራጫ ነው። «ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩላት።

ቤቱ ሰፍቷል። ያልለመድኩት ነገር ነው።

የካቲት 15፣ እሁድ

ከቅዳሴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወለች። እዚያ መሽቷል። ሄርሞን ስታለቅስ ድምፅ አታወጣም፤ ትንፋሿን ነው የማውቀው።

የእነሱ አዲስ ዓመት ነው። ፋብሪካው ተዘግቷል። የማደሪያው ልጆች ሁሉ ወደየአገራቸው ሄደዋል፣ ሕንፃው ውስጥ እሷና ዘበኛው ብቻ ቀርተዋል። ስልኳን ስትከፍት የሚደርሳት የሥራ መልእክት እንኳ የለም። ሩዝ ቀቅላ ቆማ በልታለች።

«ማማ» አለችኝ። «ልምጣ?»

እንግዲህ ይህ ነው። በመስከረም የፈለግኩት፣ በጥቅምት የተሳልኩለት፣ አሁን ማንም ሳይሰማ፣ በአንድ ቃል። ደግሞ የጠየቀችኝ እሷ ናት። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«ጫማሽን አድርጊ» አልኳት።

«ምን?»

«ጫማሽን። አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ በእናንተ አካባቢ መንደሮቹ ተራ በተራ የየራሳቸውን በዓል ያከብራሉ፣ ሰሞኑን ሳየው ነበር የከረምኩት። ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። ያልተጠራ እንግዳ ሲመጣ ይወዳሉ፣ እንግዳ የበዛለት ቤት ዓመቱ ይቀናዋል ይላሉ። ርችት የሚሰማበት ወዴት ነው?»

መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። «ከፋብሪካው ጀርባ ነው። ማማ፣ ማንንም አላውቅም እኮ።»

«እኔ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስወርድ ማንን አውቅ ነበር? ሰው ወዳለበት ሂጂ። ስልኩን እንዳትዘጊ።»

ደረጃ ወረደች። ዘበኛው አንድ ነገር አላት፣ እሷም አንድ ነገር መለሰችለት፤ ተሳሳቁ። ከዚያ መንገድ፣ የሞተር ብስክሌት ድምፅ፣ ከበሮ። ከበሮው እየቀረበ መጣ። እዚያ ሄጄ የማላውቅ ሰው ሮም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አብሬያት ሄድኩ።

«ማማ፣ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛኛለች።»

«አትልቀቂያት።»

«ወንበር እየሰጠችኝ ነው። ሳህን ሞልታ አመጣች። ጾም አይደል? ሑዳዴ ገብቷል።»

«ሩዙንና ጎመኑን ብዪ። ሌላውን እሷ ሳታይ ግፊው።»

ሳቀች፣ በአፍንጫዋ። ብዙ ሰው ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንድ ሰው እንግዳ ቃል ደጋግሞ ይላታል፣ እሷም ትደግመዋለች፣ ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል።

«ሁሉም እያዩኝ ነው። ስልክ ይዞ መብላት ነውር ይመስለኛል። ልዝጋው?»

«ዝጊው» አልኳት። «ደህና ነሽ። ቆዪ።»

«ነይ» ያልኳት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።